የተራቆተ የቆላ ግጦሽ መሬትን በአገር በቀል ዕፅዋት መልሶ ማልበስና ለካርቦን ክሬዲት ማብቃት፦ ዝርዝር መመሪያ

በክረምት አሥር ሺህ ችግኝ ይተከላል። በኅዳር ሲሄዱ የቆመው በጣት የሚቆጠር ነው። ከዚያ ስብሰባ ይጠራና «የካርቦኑ ገንዘብስ መቼ ነው የሚመጣው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። በቆላ አካባቢ ስሠራ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰዉ ሰንፎ አይደለም። የሥራው ቅደም ተከተል ተገልብጦ ነው። ከስምምነት በፊት አጥር ይታጠራል፣ ከልኬታ በፊት ይቆፈራል፣ ከሂሳብ በፊት ውል ይፈረማል። መሬት ውስጥ ነፍስ ያለው ጉቶ ተቀምጦ ከሩቅ በመኪና ችግኝ ይመጣል።

የካርቦን ክሬዲት ማለት ዛፍ ከአየር ስቦ ለያዘው ለእያንዳንዱ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሰጥ፣ ሊሸጥ የሚችል ምስክር ወረቀት ነው። መመሪያው የተጻፈው ለኅብረት ሥራ ማኅበር ኮሚቴዎች፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ከእነሱ ጋር ለሚሠሩ ባለሙያዎች ነው። መሬቱ በዓመት ከ300 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚያገኝ፣ በልቅ ግጦሽ የተራቆተ የወል መሬት ነው ብዬ አስባለሁ። ደረጃዎቹን አትዝለሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት ያዘጋጁ

- ጂፒኤስ ያለው ስልክና ትርፍ ባትሪ
- 30 ወይም 50 ሜትር ሜትሮ፣ የዛፍ ውፍረት መለኪያ ሜትር
- የተሳለ መጋዝ፣ ገጀራና የቅርንጫፍ መቀስ
- ኤ ፍሬም (እኩል ከፍታ መለኪያ የእንጨት መሣሪያ) ወይም ውሃ ልክ ከገመድ ጋር
- አንድ ሜትር የሚሆኑ የብረት ዘንጎች (ለናሙና ቦታ ምልክት)
- ሦስት ጠንካራ መዝገቦች፦ ለቃለ ጉባኤ፣ ለልኬታ፣ ለጥበቃ
- የመሬቱን የድሮ መልክ የሚያስታውሱ ቢያንስ አራት አምስት ሽማግሌዎችና እናቶች

የመጨረሻውን እንደ ማሟያ አትዩት። የትኛው ዛፍ የት እንደነበር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

## ደረጃ 1፦ ሂሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ

1.1 መሬቱ ብቁ መሆኑን አረጋግጡ። በቬራ (የካርቦን ክሬዲት ደንብ የሚያወጣና የሚመዘግብ ዓለም አቀፍ ድርጅት) ሥርዓት ክሬዲት ለማግኘት፣ ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ በፊት ባሉት 10 ዓመታት ውስጥ በመሬቱ ላይ የነበረ ተፈጥሯዊ ደን ወይም ቁጥቋጦ ለዚህ ዓላማ ተመንጥሮ መሆን የለበትም። የድሮ የሳተላይት ምስል አውርዳችሁ አስቀምጡ። «መንጥረን እንተክላለን» የሚል ሰው ካለ እዚያው አስቁሙት።

1.2 ስንት ቶን እንደሚገኝ በቁጥብነት ገምቱ። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በአብዛኛው ከጉቶ እንዲያገግም ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት የንጹህ ልማት ሥርዓት የተመዘገበው ይህ ሥራ በ30 ዓመት 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ተብሎ ታቅዷል። ስታካፍሉት በሄክታር በዓመት ወደ 10.8 ቶን ይመጣል። ሁምቦ ግን ከደረቅ ቆላ የተሻለ ዝናብ ያገኛል። ደረቅ ቆላ ላይ የዚህን ቁራጭ ብቻ ጠብቁ።

ለምሳሌ 1,000 ሄክታር አላችሁ እንበል። በሄክታር በዓመት 1.5 ቶን ብትይዙ 1,500 ቶን ነው። ዛፉ ቢጠፋ መሸፈኛ እንዲሆን ለአደጋ መጠባበቂያ 20 በመቶ ሳይሸጥ ቢቀመጥ 1,200 ይቀራል። ቶኑ በ10 ዶላር ቢሸጥ 12,000 ዶላር ነው። ዋጋው ምሳሌ ብቻ ነው፤ ገበያው ይዋዥቃል። ከዚህ ላይ የልኬታ፣ የምዝገባና የገለልተኛ አረጋጋጭ ወጪ ይነሳል። የአረጋጋጭ ወጪ ብቻ በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ 200 ወይም 300 ሄክታር ይዛችሁ ብቻችሁን አትመዝገቡ። ወጪው ይበላችኋል። ከአጎራባች ቀበሌዎች ጋር ተደምራችሁ በአንድ ፕሮጀክት ሥር ግቡ። ቬራም፣ ሌላው የክሬዲት ደንብ አውጪ ፕላን ቪቮም አዳዲስ ቦታዎች በየጊዜው የሚጨመሩበት አሠራር አላቸው።

1.3 ሂሳቡ ካላዋጣ፦ ካርቦኑን ተዉት፣ መሬቱን ግን አትተዉት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቤት የሚገባው ጥቅም ሣሩ ነው። ክሬዲት የሚመጣው ዛፉ ካደገ፣ ከተለካና ከተረጋገጠ በኋላ ነው፤ ይህም ዓመታት ይፈጃል። ይህን ለሕዝቡ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ በግልጽ ንገሩ።

## ደረጃ 2፦ የከብቱን መንገድ ተነጋገሩ

አብዛኛው ሥራ የሚከሽፈው እዚህ ነው። ስለዚህ ጊዜ ስጡት፤ ሁለት ሦስት ወር ቢወስድም አይቆጫችሁ።

2.1 ካርታውን መሬት ላይ ሣሉ። ወረቀት አታውጡ። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። በአመድ ወሰኑን፣ በድንጋይ ቤቶቹን፣ በፍግ የከብት መንገዱን አስምሩ። የክረምት ግጦሽ፣ የበጋ ግጦሽ፣ የጨው አፈር፣ የውሃ ነጥብና የድርቅ መጠጊያ ተለይተው ይውጡ።

አንድ ቀን እንዲህ ያለ ካርታ ተሥሎ አልቆ ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ሲሉ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ተነሡ። በዱላቸው የአመዱን መስመር ነካ አደረጉና «ፍየሎቼ ውሃ የሚወርዱት በዚህ ነው፤ አጥሩ ሲመጣ በየት ላሳልፋቸው?» አሉ። መልስ ያለው ሰው አልነበረም። መስመሩ ተጠርጎ እንደገና ተሠመረ፤ 50 ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ተተወ። የዚያ ቦታ ክለላ እስካየሁት ድረስ አልተሰበረም። ሌላ ቦታ ግን አብሬው የሠራሁት ድርጅት ይህን ውይይት ዘሎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አጠረ። በሦስተኛው ወር በአንድ ሌሊት አጥሩ ተነሣ፤ ጥፋተኛ ተብሎ የተያዘ ሰውም አልተገኘም። መንገዱ የሁሉም ነበርና።

2.2 በክፍል በክፍል ዝጉ። የኔ ምክር ከግጦሹ ከሲሶው በላይ በአንድ ጊዜ አትዝጉ የሚል ነው። የድርቅ መጠጊያውንና የውሃ መንገዱን በፍጹም አትንኩ። በቦረና ለጥጆች የሚከለለው ካሎ የታወቀ ነው፤ እንዲህ ያለ ነባር ሥርዓት ካለ አዲስ ከመፍጠር እሱን አስፉት።

2.3 «አገር በቀል» ምን ማለት እንደሆነ ተስማሙ። አገር በቀል ሁሉ ለቦታው ተስማሚ አይደለም። በቦረና ሜዳ እሳት ከተከለከለ ወዲህ አገር በቀል የሆኑ ግራሮች ሣሩን አፍነው ግጦሹን ዘግተውታል። በእሾሁ እብጠት ውስጥ ጉንዳን የሚኖርበትን ግራር የሚያውቅ ይገባዋል። እዚያ ላይ «ዛፍ በዛ፣ ካርቦን በዛ» ብላችሁ ብትቆጥሩ ከብቱን ትገድሉታላችሁ። ሽማግሌዎቹን «በልጅነታችሁ እዚህ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ሣር ነበር ካሉ ግባችሁ ሣርና ራቅ ራቅ ያለ ትልቅ ዛፍ ነው።

2.4 መተዳደሪያ ደንቡን ጻፉ። ቢያንስ እነዚህ ይግቡበት፦ ማን ይጠብቃል፣ ጠባቂው በምን ይከፈለዋል፣ ጥሶ ለገባ ከብት ቅጣቱ ስንት ነው፣ ሣሩ እንዴት ይከፋፈላል፣ መሬት አልባ ወጣቶችና ከብት የሌላቸው እናቶች ምን ያገኛሉ፣ በድርቅ ዓመት የትኛው ክፍል በማን ውሳኔ ይከፈታል። የድርቅ አንቀጽ የሌለው ደንብ በመጀመሪያው ድርቅ ይፈርሳል።

2.5 ፈቃዱን በማስረጃ ያዙ። ጉባኤው በአካባቢው ቋንቋ ይካሄድ። ሴቶችና ወጣት እረኞች ለብቻቸውም ይጠየቁ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ካርቦን» የሚለው ቃል በግልጽ ይጻፍ። ኋላ «ያለ ካርቦን ገንዘብም ትሠሩት ነበር» የሚል ጥያቄ ሲነሣ አንዱ መከላከያችሁ ይህ ነው።

በሰሜን ኬንያ በግጦሽ መሬት ላይ የተመሠረተ ትልቅ የካርቦን ፕሮጀክት ክሬዲት ማውጣቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታግዶበት ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ደግሞ ኢሲዮሎ ያስቻለ ፍርድ ቤት፣ ሁለት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራዎች በቂ የሕዝብ ተሳትፎ ሳይደረግ ተቋቁመዋል ብሎ ወስኗል። የተዘለለ ስብሰባ ከዓመታት በኋላም ዋጋ ያስከፍላል።

## ደረጃ 3፦ ከአጥር በፊት ለኩ

የመነሻ ልኬታ ካመለጠ አይመለስም። መሬቱ አንዴ ካገገመ «በፊት እንዲህ ነበር» ማለት ወሬ ብቻ ነው።

3.1 ወሰኑን በእግር ዙሩ። ጂፒኤስ ይዛችሁ ከጎረቤት ቀበሌ ተወካይ ጋር ሂዱ። የግለሰብ ማሳ፣ መንገድና ቤት ካለ ቆርጣችሁ አውጡ። ወሰኑ ከሌላ የካርቦን ፕሮጀክት ጋር አለመደራረቡን ከወረዳው ጠይቁ።

3.2 የናሙና ቦታዎችን በዕጣ ምረጡ። በካርታው ላይ ፍርግርግ መስመር አስምሩና በዕጣ ውሰዱ። ዛፍ ያለበትን ቦታ መርጦ ናሙና ማድረግ ማጭበርበር ነው፤ ባይታሰብበትም። ለቅድመ ልኬታ ወደ 30 ቦታ ይዛችሁ ጀምሩ፤ የመጨረሻው ብዛት በስሌት ይወሰናል።

3.3 እያንዳንዱን ቦታ እንዲህ ለኩ፦

1. መሃሉ ላይ የብረት ዘንግ ቅበሩ። ጫፉ ከመሬት ብዙም አይውጣ፤ ወጣ ካለ ይነቀላል።
2. የጂፒኤስ ቁጥሩን ጻፉ።
3. 12.62 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ውሰዱ። ስፋቱ 500 ካሬ ሜትር ይሆናል።
4. ተዳፋት ላይ ሜትሮውን አግድም ወጥራችሁ ያዙ፤ መሬቱን ተከትሎ አይውረድ።
5. የእያንዳንዱን ዛፍ ውፍረት በ1.3 ሜትር ቁመት ለኩ። ከሥሩ ብዙ ግንድ ያወጣ ቁጥቋጦ ከሆነ በ30 ሳ.ሜ ላይ እያንዳንዱን ግንድ ለኩ።
6. ነፍስ ያላቸውን ጉቶዎች ቁጠሩ።
7. ከመሃል ቆማችሁ ወደ አራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሡ።

ከውፍረቱ ወደ ካርቦን የሚደረገው ስሌት ከባድ አይደለም። የዛፉ ደረቅ ክብደት በቀመር ይገመታል። ከዚያ ውስጥ 47 በመቶ ገደማ ካርቦን ነው። ካርቦኑ በ3.67 ሲባዛ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። 100 ኪሎ ደረቅ ክብደት ያለው ግራር 47 ኪሎ ካርቦን፣ ማለትም 172 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዟል ማለት ነው። ኮሚቴው ይህን በራሱ ማስላት ይቻል። ቁጥሩን የማያውቅ ማኅበር በሰው እጅ ላይ ይወድቃል።

3.4 የማይከለል መሬትም ለኩ። ተመሳሳይ አፈርና ተዳፋት ያለው፣ ግጦሹ የሚቀጥልበት ቦታ ምረጡ። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል። ጥሩ ዝናብ በመጣ ዓመት ያልተከለለው መሬትም ይለመልማል። በአውስትራሊያ ደረቅ የግጦሽ መሬቶች ክሬዲት ያገኙ ፕሮጀክቶች ላይ የተነሣው ከባድ ትችት ይኸው ነበር፤ የዛፉ መብዛት ከሥራው ነው ወይስ ከዝናቡ? ለደንና ቁጥቋጦ ማልማት የወጣው የቬራ ቪኤም0047 ዘዴም የእናንተን መሬት ከተመሳሳይ መሬቶች ጋር ያወዳድራል። የምትከፈሉት በልዩነቱ ነው።

3.5 የአፈር ናሙና፦ ከ0 እስከ 30 ሳ.ሜ ወስዳችሁ በላብራቶሪ አስመርምሩ፣ ውጤቱን አስቀምጡ። የአፈር ካርቦን ልኬታ ውድ ስለሆነ በመጀመሪያው ዙር ባትሸጡት ይሻላል። መነሻው ግን ይኑራችሁ።

3.6 ከብቱን ቁጠሩ። የተባረረው መንጋ የጎረቤትን መሬት ካራቆተ ከክሬዲታችሁ ይቀነሳል። የመንጋው ብዛትና የሚሄድበት ቦታ ተመዝግቦ ይቀመጥ።

## ደረጃ 4፦ ክለላው

ባጭሩ፦ ሽቦ ከመግዛት ጠባቂ መቅጠር ይሻላል። በየ500 ሜትሩ ነጭ ቀለም የተቀባ ድንጋይ አቁሙ። የእሾህ አጥር የሚያስፈልገው በከብት መንገዱ ግራና ቀኝና በመንደር በኩል ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ለአጥር ብላችሁ የምታድኑትን ግራር አትቁረጡ። እሾሁን ከደረጃ 6 የቅርንጫፍ ግርዛት ታገኙታላችሁ፤ እስከዚያ ድንጋይ ካቡ።

ፍየል ቢገባ፦ በመጀመሪያው ቀን በደንቡ መሠረት ቅጡ፣ የኮሚቴ አባል ፍየል ቢሆንም። የመጀመሪያው ጥፋት ከታለፈ ሁለተኛውን ማስቆም አይቻልም።

## ደረጃ 5፦ ውሃውን አስቀሩ

ሥራው ከጥር እስከ መጋቢት ይለቅ። ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። ከታች ከጀመራችሁ የመጀመሪያው ጎርፍ ድካማችሁን ጠርጎ ይወስደዋል።

- ለጥ ባለና ቅርፊት በሠራ መሬት፦ ግማሽ ጨረቃ ቆፍሩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 4 ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ15 እስከ 25 ሳ.ሜ። አፉ ወደ ዳገቱ ይዙር፣ አፈሩ በቁልቁለት በኩል ይደልደል። ሁለቱ ጫፎች በአንድ ከፍታ ላይ ይሁኑ፤ በኤ ፍሬም አረጋግጡ። ቀጣዩ ረድፍ በክፍተቶቹ ትይዩ ይቀመጥ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት።
- ተዳፋት ላይ፦ ትሬንች (ውሃ የሚይዝ ቦይ) እና የድንጋይ እርከን።
- ቦረቦር ውስጥ፦ የድንጋይ ክትር፤ መሃሉ ከጎኖቹ ዝቅ ይበል።

ከዝናብ በኋላ አንዱ ከተሰበረ፦ እሱን ብቻ አትጠግኑ። ከበላዩ ያለውን ፈትሹ። የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ውሃ ስላሾለከ ነው።

## ደረጃ 6፦ ጉቶውን አንሡት

የሥራው እምብርት ይህ ነው። የአሥር ዓመት ሥር ያለው ጉቶ፣ ሥሩ አንድ ስንዝር ካልሞላ ችግኝ ጋር አይወዳደርም። ድርቅ ሲመጣ ችግኙ ይሞታል፣ ጉቶው ይጠብቃል።

6.1 ፈልጉት። ከሩቅ የሚታየው በከብት የተጋጠ ጉብታ ነው፤ ጉልበት የማይደርስ፣ እሾሃም፣ ዋጋ የሌለው ቁጥቋጦ ይመስላል። ተንበርከኩ። አፈሩን በጣታችሁ ጫር ጫር አድርጉ። የጉቶውን ቅርፊት በጥፍራችሁ ፋቅ ስታደርጉት ከሥሩ አረንጓዴ እርጥበት ከታየ ነፍስ አለው። ግራጫና ደረቅ ከሆነ እለፉት። መጀመሪያ ከሽማግሌ ጋር ሂዱ፤ «ይሄ ቁርቁራ ነው፣ ይሄ በደኖ ነው፣ ያ ወይራ ነው» እያሉ በቅጠሉ ያሳዩአችኋል። በየጉቶው ላይ ቀለም ያለው ጨርቅ እሰሩ።

6.2 ጊዜውን ጠብቁ። ግርዛቱ የሚሠራው በደረቁ ወቅት መጨረሻ፣ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ነው። ሰሜንና ምሥራቅ ላይ ሚያዝያና ግንቦት ይሆናል። በቦረና ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ የካቲት ላይ ጨርሱ።

6.3 ምረጡ። ከአንድ ጉቶ ሃያ ሠላሳ ቀንበጥ ሊወጣ ይችላል። ከ3 እስከ 5 የሚሆኑ ቀጥ ያሉና ጠንካራ ቀንበጦች አስቀሩ። ከጉቶው ዙሪያ ተራርቀው የበቀሉትን ምረጡ። ሌላውን ከሥሩ አስወግዱ።

6.4 ግረዙ። ከቀሩት ግንዶች ላይ የታችኛውን ግማሽ ቅርንጫፍ ብቻ አንሡ። መጀመሪያ ከሥር ወደ ላይ ጥቂት ቁረጡ፣ ከዚያ ከላይ ጨርሱ። በአንድ ምት ከላይ ብቻ ከመታችሁት ቅርፊቱ ተልጦ እስከ ግንዱ ይወርዳል፤ በዚያ ቁስል በሽታና ምስጥ ይገባል። ገጀራው የደነዘ ከሆነ ሥራውን አቁማችሁ ሳሉት።

6.5 የተቆረጠውን በቦታው ተዉት። እሾሃሙን ቅርንጫፍ በጉቶው ዙሪያ አጥር አድርጉት። ቅጠሉ መሬቱን ይሸፍናል።

6.6 ተመለሱ። ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ አዲስ የበቀለውን ቀንበጥ አንሡ። በሁለተኛው ዓመት አንዱን ግንድ ለማገዶ መውሰድ ይቻላል፣ ከተጻፈና በልኬታው ውስጥ ከታወቀ።

የተለመዱ ስህተቶች

*ሁሉም ወደ አንድ ግንድ ተቀነሰ።* ነፋስ ወይም ፍየል አንዱን ከሰበረው ምንም አይቀርም። በመጀመሪያው ዓመት አትስገብገቡ።

*ከግማሽ በላይ ተገረዘ።* ጫፉ ከብዶ ይጎብጣል። ከዘንግ ጋር አላልታችሁ እሰሩት፣ ለአንድ ዓመት አትንኩት።

*ጉቶው ፕሮሶፒስ ሆኖ ተገኘ።* ይህ በአዋሽ ሸለቆና በአፋር የተስፋፋው መጤ ዛፍ ነው። ከላይ ከቆረጣችሁት እጥፍ ሆኖ ይነሣል። ከመሬት በታች ከ10 እስከ 30 ሳ.ሜ ቆፍራችሁ ከሥር አንገቱ አውጡት። ፍሬውን የበላ ከብት ዘሩን በፍጉ ይዞ ይገባል፤ ስለዚህ ከዚያ አካባቢ የመጣ መንጋ በመተላለፊያችሁ ከማለፉ በፊት ለጥቂት ቀናት ተለይቶ ይቆይ።

## ደረጃ 7፦ ባዶ በቀረው ቦታ ዝሩ

ጉቶ በሌለበት ብቻ። ቀድሞ ሣር፣ ከዚያ ዛፍ።

ሣር፦ ከአካባቢው፣ ለምሳሌ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ቅጥር፣ በጥቅምት የደረሰ ዘር ሰብስቡ። ጥላ ውስጥ በከረጢት እስከ ክረምት አቆዩት፤ ትኩስ ዘር ብዙ ጊዜ አይበቅልም። ዝናቡ ሲይዝ የተፋቀው መሬት ላይ በትኑና እሾሃም ቅርንጫፍ ጎትቱበት። ከአንድ ሳ.ሜ በላይ አትቅበሩት።

የግራር ዘር፦ ውሃ አፍሉ፣ ከእሳት አውርዱ፣ ዘሩን ጨምሩና እስከ ማግስቱ ተዉት። እሳት ላይ እንዳለ ከጨመራችሁት ይቀቀላል። የተንሳፈፈውን ጣሉ፤ ነቀዝ በልቶታል። ሌላ ቀላል መንገድ አለ። ፍየሎች የግራር ፍሬ በሚበሉበት ወቅት ከበረታቸው በጠጡን ሰብስቡ። በሆዳቸው ያለፈ ዘር ቅርፊቱ ለስልሶ ስለሚወጣ በግማሽ ጨረቃው ውስጥ ከነበጠጡ መዝራት ይቻላል።

ችግኝ ካስፈለገ፦ በግማሽ ጨረቃው ጉድጓድና በድልድሉ መጋጠሚያ ላይ ትከሉ፣ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ። ላስቲኩን ሳትቀዱ አትትከሉ። የማላውቀው ሰው ያንን ስህተት በሠራበት ኮረብታ ላይ በሚቀጥለው ዓመት እያንዳንዱን ደረቅ ችግኝ ከነላስቲኩ ነቅያለሁ።

## ደረጃ 8፦ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ

መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ሣሩ ዘሩን ካራገፈ በኋላ እጨዱ፤ አጭዶ በመሸከም እንጂ ከብት በማስገባት አይደለም። ከመሬት በላይ አንድ ስንዝር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሣር አስቀርታችሁ ቁረጡ። በዕጣ አከፋፍሉ። ጥቂቱን ሸጣችሁ ለጠባቂው ክፈሉ። ክሬዲት እስኪመጣ ሥራውን የሚያቆመው ይህ ገንዘብ ነው።

ኅዳር ላይ የጸደቀውን ቁጠሩ። ከታኅሣሥ በፊት እሳት መከላከያ መስመር ጥረጉ፤ ከ5 እስከ 10 ሜትር ስፋት ይበቃል።

ከብት መልሶ ማስገባት ሲታሰብ የዛፎቹ ጫፍ ከከብቱ አፍ በላይ መድረሱን እዩ። ላም ከሆነ ሁለት ሜትር ይበቃል። ፍየል ግን ግንድ ላይ ቆሞ ይበላል፣ ግመል ደግሞ ከሦስት ሜትር በላይ ይደርሳል።

## ደረጃ 9፦ ውልና ምዝገባ

ከካርቦን ገንቢ ድርጅት (ፕሮጀክቱን አዘጋጅቶ ክሬዲቱን ለገበያ ከሚያቀርበው) ጋር ንግግር የሚጀመረው በደረጃ 3 ነው፤ ፊርማው ግን ልኬታውን ካያችሁ በኋላ ይሁን። በቬራ ሥርዓት እንዲህ ያለ የመሬት ፕሮጀክት ከተጀመረበት በ3 ዓመት ውስጥ ወደ ምዝገባ ዝርዝር መግባት ስላለበት ቀኑን አታሳልፉት። ደንቡ ስለሚሻሻል ስትጀምሩ የወጣውን ቅጂ አንብቡ።

ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

- የክሬዲቱ ባለቤት በስም ማን ነው?
- ከሽያጩ ስንት በመቶ ለማኅበሩ ይደርሳል? ከወጪ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በፕላን ቪቮ ደንብ ቢያንስ 60 በመቶው ለማኅበረሰቡ መድረስ አለበት፤ ለድርድር መነሻ አድርጉት።
- «ከተጣራ ትርፍ» የሚል ቃል ካለ ወጪዎቹ አንድ በአንድ ይዘርዘሩ።
- ውሉ ስንት ዓመት ነው? 30 ወይም 40 ዓመት ከሆነ ልጆቻችሁ ይታሰሩበታል፤ መውጫ አንቀጽ ይኑረው።
- በድርቅ ወይም በእሳት ዛፉ ቢጠፋ ማን ይሸፍናል? መጠባበቂያው ነው ወይስ እናንተ?
- የሽያጭ ዋጋውን የማየት መብት አላችሁ?

ውሉ በአካባቢው ቋንቋ ይተርጎም፣ በጉባኤ ይነበብ፣ ከገንቢው ድርጅት ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌለው ጠበቃ ይየው። የወል መሬቱን የመጠቀም መብት የሚያሳይ ደብዳቤና የማኅበሩን የምዝገባ ወረቀት ከወረዳ አስቀድማችሁ አውጡ። የባንክ ሂሳቡ ሦስት ፈራሚ ይኑረው፣ አንዷ ሴት ትሁን።

ማስጠንቀቂያ፦ «መመዝገቢያ ክፈሉ» ብሎ ከማኅበሩ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ከመጣ አሰናብቱት።

## ነገር ሲበላሽ

ዝናብ ቀረ። አትትከሉ፣ አትግረዙ። ዘሩን ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩ። የድርቅ አንቀጹን በጉባኤ አንሡና የተፈቀደውን ክፍል ክፈቱ፤ ስንት ከብት ለስንት ቀን እንደገባ መዝግቡ።

እሳት ገባ። በማግስቱ ፎቶ አንሡ፣ የተቃጠለውን በጂፒኤስ ዙሩና ለካርቦን ገንቢ ድርጅቱ በጽሑፍ አሳውቁ። ጉቶዎቹን አትንቀሉ፤ ብዙዎቹ በዝናብ ከሥር ይነሣሉ።

የናሙና ዘንግ ጠፋ። በጂፒኤስና በአራቱ ፎቶዎች ቦታውን ፈልጉ። ካልተገኘ «ጠፍቷል» ብላችሁ ጻፉ። ቀረብ ያለ ጥሩ ቦታ አትተኩ።

በናሙና ቦታ ውስጥ ያሉ ዛፎች ከሌላው በተለየ ተመቻችተዋል። ጠባቂዎች በቅንነት ያደርጉታል፣ ውሃ ያጠጣሉ፣ ያጥራሉ። አስቁሟቸው። ያ ቦታ ከስሌት ይወጣል።

አረጋጋጩ ሊመጣ ነው። በቬራ ሥርዓት ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ማረጋገጫ ይደረጋል። ከሦስት ወር በፊት ሁሉንም ናሙና እንደገና ለኩ። በመዝገቡ ላይ ስህተት ብታገኙ አትሠርዙ፣ ገጽ አትቅደዱ፤ በአንድ መስመር አቋርጣችሁ ከጎኑ ትክክለኛውን፣ ቀኑንና ፊርማ ጻፉ። በዕለቱ ከኮሚቴው ጋር ጠባቂዎቹና የሣር ተካፋይ እናቶችም ይኑሩ፤ ጥያቄው ለእነሱም ይቀርባልና የሚያውቁትን በራሳቸው አንደበት ይናገሩ። ውጤቱ እንደመጣ ጠቅላላ ጉባኤ ጥሩ። ስንት ቶን ተረጋገጠ፣ ስንቱ ለመጠባበቂያ ተያዘ፣ ስንቱ ተሸጠ፣ በስንት ብር፤ አራቱም ቁጥር በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ።